አንድ ግራም በሚሊዮን ሊትር ውስጥ፦ ቮልታሜትሪ ጥቂቱን ነገር እንዴት ያገኘዋል

እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቮልታሜትሪ ነው፣ በተለይ ደግሞ በጣም ጥቂት የሆነን ነገር፣ በአይን ቀርቶ በተራ የኬሚስትሪ ቴስት የማይደረስበትን፣ በኤሌክትሪክ እንዴት እንደምናገኘው። ስላይድ ብዙ አላዘጋጀሁም፣ ሰሌዳው ይበቃናል። ዓመት ስጠራ ሁሉንም በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።

በቁጥር ልጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የሌድ (የእርሳስ ብረት) መመሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፣ ለካድሚየም 3፣ ለአርሰኒክ እንደ ሌዱ 10። ይሄ ስንት እንደሆነ ለብዙ ሰው አይታየውም፣ 1 ማይክሮግራም በሊትር ማለት 1 ግራም ነገር 1 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ውስጥ ሟምቶ ማለት ነው። እና ላቦራቶሪው (ላቡ) የሚጠየቀው "አለ ወይስ የለም" ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ የሚጠየቀው ግን 8 ነው ወይስ 12 ነው ነው፣ ምክንያቱም አንዱ ያልፋል ሌላው ይወድቃል፣ ከቁጥሩ ጀርባ ደግሞ ያንን ውሃ የሚጠጣ ልጅ አለ፣ ሌድ ደግሞ በልጅ አእምሮ ላይ "እስከዚህ ድረስ ችግር የለውም" የሚባል መጠን አልተገኘለትም። ስለዚህ ይሄን ቁጥር በትክክል ማውጣት ትልቅ አደራ ነው ብዬ ነው የማምነው።

የኔ ነጥብ አንድ ነው፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ይሄንን ጥቂት ነገር የምናገኘው ማሽኑ ውድ ስለሆነ አይደለም፣ ከመለካታችን በፊት ስለምናጠራቅምና ስለምናጠራ ነው። ዋናው ስራ ግራፉ ስክሪን ላይ ከመምጣቱ በፊት አልቋል።

መሰረቱ ቀላል ነው። ውሃው ውስጥ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩን ከውሃው ጋር የሚያገናኝ ክፍል) ትከታላችሁ፣ ቮልቴጁን በልክ ትቀይራላችሁ፣ የሚያልፈውን ከረንት ታነባላችሁ፣ በቃ። እያንዳንዱ ብረት ኤሌክትሮን የሚቀበልበት ወይም የሚሰጥበት የራሱ ቮልቴጅ አለው፣ ስለዚህ ቮልቴጁ ማን እንደሆነ ይነግራችኋል፣ ከረንቱ ደግሞ ምን ያህል እንደሆነ። ኤሌክትሮዶቹ ሶስት ናቸው፦ ሪአክሽኑ የሚካሄድበት ዎርኪንግ ኤሌክትሮድ፣ ቮልቴጁን የምንለካበት መነሻ የሚሆነው ሪፈረንስ፣ እና ከረንቱን የሚሸከመው ካውንተር። ሶስቱን የሚያስተዳድረው መሳሪያ ፖቴንሾስታት ይባላል።

ይሄን ነገር የጀመረው ቼኩ ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ ነው፣ ፕራግ ውስጥ፣ በ1922። ከቀጭን የመስታወት ቱቦ ጠብ ጠብ የሚል ሜርኩሪን እንደ ኤሌክትሮድ ተጠቀመ፣ ጠብታው በወደቀ ቁጥር አዲስ ንጹህ ገጽ ይመጣለታል ማለት ነው፣ ይሄ እስከ ዛሬ በጣም የማደንቀው ሃሳብ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከጃፓናዊው ማሱዞ ሺካታ ጋር ሆነው ግራፉን በራሱ ጊዜ በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ የሚስል ማሽን ሰሩ፣ ፖላሮግራፍ ብለው ጠሩት፣ በ1959 ሄይሮቭስኪ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመበት።

ግን የሄይሮቭስኪ ዘዴ አንድ ወሰን ነበረው። በሊትር ከ10 ማይክሮሞል አካባቢ (ሞል ኬሚስት አቶምና ሞለኪውል የሚቆጥርበት መለኪያ ነው) በታች ሲሆን ሲግናሉ በባክግራውንዱ ይዋጣል። ለሌድ ብናሰላው ይሄ በሊትር 2 ሚሊግራም አካባቢ ነው፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ከዛ በ200 እጥፍ ያነሰውን ነው። ምንድነው የሚውጠው? ኤሌክትሮዱ ላይ ቮልቴጅ በቀየራችሁ ቁጥር ምንም ኬሚካል ባይቀየር እንኳን ከረንት ያልፋል፣ ምክንያቱም የኤሌክትሮዱ ገጽና አጠገቡ ያሉት አዮኖች አንድ ላይ እንደ ካፓሲተር፣ ቻርጅ እንደሚያከማች እቃ፣ ቻርጅ ይደረጋሉ። ቻርጂንግ ከረንት ይባላል፣ ስለ ሌዱ ምንም የሚነግራችሁ ነገር የለውም።

እዚህ ጋ ነው አንድ የሚያምር ነገር የሚመጣው። ሁለቱ ከረንቶች የሚሞቱበት ፍጥነት ይለያያል። ቮልቴጁን በአንዴ ብታዘሉት፣ ቻርጂንግ ከረንቱ በኤክስፖኔንሻል ይወርዳል፣ በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ድራሹ ይጠፋል፣ ከብረቱ የሚመጣው ከረንት ግን በጊዜው ስኩዌር ሩት ልክ ብቻ ነው የሚቀንሰው፣ ይሄንን ኬሚስቱ ኮትሬል በ1903 አሳይቶታል። ስለዚህ ቮልቴጁን አዝልሉና ትንሽ ጠብቁ፣ ልክ ፐልሱ፣ ማለትም ዝላዩ፣ ሊያልቅ ሲል ለኩ። አላስፈላጊው ሄዷል፣ የምትፈልጉት ገና አለ። በ1950ዎቹ እንግሊዛዊው ጄፍሪ ባርከር ይሄንን ይዞ ስኩዌር ዌቭንና የፐልስ ዘዴዎችን አመጣ፣ ዛሬ ሶፍትዌሩ ላይ ዲፈረንሻል ፐልስ ወይም ስኩዌር ዌቭ የሚል በተን ስትጫኑ እየተጠቀማችሁ ያላችሁት ይሄንን ነው። በዚህ ብቻ መቶ እጥፍ ምናምን ወደ ታች ትወርዳላችሁ።

አሁንም አይበቃም። የሚበቃን ስትሪፒንግ የሚባለው ነው፣ ዛሬ ረዘም አድርጌ ላወራበት የምፈልገውም እሱን ነው።

ሃሳቡ እንዲህ ነው፦ ቧንቧ እየተንጠባጠበ ባልዲ እንደሚሞላው፣ ከዛ ባልዲውን በአንዴ እንደሚደፉት። ብረቱን ከውሃው ውስጥ ቀስ ብላችሁ ኤሌክትሮዱ ላይ ታጠራቅማላችሁ፣ ከዛ በአንድ ጊዜ አስለቅቃችሁ ትለካላችሁ። ሂሳቡን አብረን እንስራው፣ ምክንያቱም ሰው ይሄንን በራሱ እጅ ካላሰላው አያምነውም።

10 ሚሊሊትር ውሃ አለን እንበል፣ ሌዱ በሊትር 10 ማይክሮግራም። ስለዚህ ጠቅላላ ያለን ሌድ 100 ናኖግራም ነው፣ በሞል 0.48 ናኖሞል አካባቢ። እያንዳንዱ የሌድ አዮን ሁለት ኤሌክትሮን ይቀበላል፣ የፋራዴይ ቁጥር፣ ማለትም አንድ ሞል ኤሌክትሮን የሚሸከመው ቻርጅ፣ 96,485 ኩሎምብ ነው፣ ስታባዙት ሁሉም ሌድ ኤሌክትሮዱ ላይ ቢያርፍ ወደ 93 ማይክሮኩሎምብ ይሆናል። ግን ሁሉም አያርፍም፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ 1 ፐርሰንቱ አረፈ እንበል፣ ወደ 0.93 ማይክሮኩሎምብ። በነዛ 120 ሰከንዶች ውስጥ የነበረው አማካይ ከረንት 8 ናኖአምፒር ገደማ ነው፣ በዚህ ላይ ተመርኩዞ ምንም መናገር አይቻልም፣ ባክግራውንዱ ይበልጠዋል። አሁን ያንኑ ቻርጅ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ አስለቅቁት፣ 2 ማይክሮአምፒር አካባቢ ይመጣል። ሌዱ ያው ሌድ ነው፣ ሲግናሉ ግን ከ200 እጥፍ በላይ አደገ፣ የጨመርነው ነገር ቢኖር ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ነው። አስር ደቂቃ ብትጠብቁ ደግሞ የበለጠ ያድጋል፣ በዚህ መንገድ ነው ስትሪፒንግ በሊትር ከ1 ናኖሞል በታች፣ ጥሩ ሲሰራ ደግሞ እስከ 0.1 ናኖሞልና ከዛም በታች የሚወርደው።

አንድ ሙሉ ልኬት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሂድበት። 10 ሚሊሊትር ሳምፕል ሴሉ ውስጥ አለ፣ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) 4.5 አካባቢ የሚይዝ አሲቴት ቡፈር ጨምረንበታል፣ ቡፈሩ ከረንቱ በደንብ እንዲያልፍም ያግዛል። መጀመሪያ ናይትሮጅን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይንፈሱበት። ይሄን ስቴፕ መዝለል የሚፈልግ ተማሪ ሁልጊዜ አለ፣ ስለዚህ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ አየር የነካው ውሃ ውስጥ በሊትር 8 ሚሊግራም አካባቢ ኦክስጅን አለ፣ ይሄ በሞል ሲታሰብ ከምንፈልገው ሌድ በ5,000 እጥፍ ይበልጣል፣ ኦክስጅን ደግሞ እኛ በምንሰራበት ቮልቴጅ ላይ እሱም ኤሌክትሮን ይቀበላል። ካላስወጣችሁት የምትለኩት ኦክስጅን ነው። ስኩዌር ዌቭ ፈጣን ስለሆነ አንዳንዴ ሳያስወጡ መስራት ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ያለሱ እንዴት እንደሚመስል እዩ።

ቀጥሎ ዎርኪንግ ኤሌክትሮዱን፣ አንድ የተንጠለጠለች የሜርኩሪ ጠብታ እንበል፣ ነጌቲቭ 0.9 ቮልት ላይ ታደርጉታላችሁ፣ ከሲልቨር/ሲልቨር ክሎራይድ ሪፈረንስ አንጻር፣ ስተረሩ (ማማሰያው) እየዞረ። 120 ሰከንድ። ሌዱና ካድሚየሙ እየተቀየሩ ሜርኩሪው ውስጥ ይሟሟሉ፣ አማልጋም ይሆናሉ። ጠብታዋ ግማሽ ማይክሮሊትር አካባቢ ብትሆን፣ ቅድም ያሰላነውን 1 ፐርሰንት ብትከቱባት፣ ውስጧ ያለው የሌድ ክምችት ከውሃው ወደ 200 እጥፍ ይሆናል፣ ያው ቁጥር በሌላ በኩል መጣ አይደል? ከዛ ስተረሩን ታቆማላችሁ፣ 15 ሰከንድ ያህል ውሃው ይረጋል። ከዛ ቮልቴጁን ወደ ፖዘቲቭ አቅጣጫ ታስኬዱታላችሁ። ነጌቲቭ 0.6 አካባቢ ካድሚየም ይወጣል፣ ግራፉ ላይ ፒክ (ጉብታ) ታያላችሁ፣ ነጌቲቭ 0.4 አካባቢ ሌድ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተለያይተው ይቆማሉ። ጠቅላላ ስካኑ ሰከንዶች ነው የሚፈጀው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው አይኑን አያምንም፣ እኔ አሁንም ሳየው ደስ ይለኛል።

ፒኩ 1 ማይክሮአምፒር ሆነ እንበል። ስንት ነው ሌዱ? እዚህ ጋ በጣም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መጠኑን የምታውቁትን ሌድ በንጹህ ውሃ እየለካችሁ ከሰራችሁት የካሊብሬሽን መስመር ላይ ማንበብ ይቀላል፣ ግን አታድርጉት፣ ምክንያቱም የወንዝ ውሃ፣ ደም፣ ወይን፣ የባህር ውሃ፣ እያንዳንዱ ለኤሌክትሮዱ የተለየ ነው፣ አንዱ ሲግናሉን ግማሽ ያደርገዋል ሌላው ምንም አያደርገውም። ስለዚህ ስታንዳርድ አዲሽን ነው የምንጠቀመው፣ ማለትም እዛው ሳምፕል ውስጥ የምናውቀውን መጠን ጨምረን ድጋሚ እንለካለን። በሊትር 1 ሚሊግራም ሌድ ካለው ስታንዳርድ 100 ማይክሮሊትር ብትጨምሩ፣ መቅጠኑን ለጊዜው ተዉትና፣ በሊትር 10 ማይክሮግራም ጨመራችሁ ማለት ነው። ፒኩ ከ1 ወደ 3 አደገ። 10 ማይክሮግራም 2 ማይክሮአምፒር ካመጣ፣ የመጀመሪያው 1 ማይክሮአምፒር 5 ማይክሮግራም ነው። ውሃው ያልፋል። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሶስት ጊዜ እየጨመራችሁ ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ላይ መሆናቸውን እዩ፣ ከጎበጠ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፣ ምናልባት ኤሌክትሮዱ ጠግቧል።

ስለሚያደናቅፉ ነገሮች ሁሉንም አልዘረዝርም፣ ግን ሁለቱን ማወቅ አለባችሁ። አንደኛው ኦርጋኒክ ነገር ነው፣ ከአፈር የሚመጣ ሂዩሚክ፣ ሳሙና፣ ፕሮቲን ምናምን፣ ኤሌክትሮዱ ላይ ተለጥፎ ገጹን ይዘጋዋል፣ ፒኩ ያጥራል ወይ ይጠፋል። መድሃኒቱ ሳምፕሉን አሲድና ትንሽ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አድርጎ በዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ማቃጠል ነው። ሁለተኛው ይበልጥ አታላይ ነው፦ መዳብና ዚንክ አንድ ላይ ሜርኩሪ ውስጥ ሲገቡ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ዚንኩ በራሱ ቦታ አይወጣም፣ መዳቡ ጋ ሲደርስ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ዚንክ አነሰ፣ መዳብ በዛ፣ ሁለቱም ቁጥር ውሸት፣ ግራፉ ግን በጣም ያምራል። ጋሊየም ከጨመራችሁ መዳቡን እሱ ይይዘውና ዚንኩ ነጻ ይሆናል። መዳብ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ደግሞ ዚንክ በማይጠራቀምበት ቮልቴጅ ላይ አጠራቅሙ።

ሜርኩሪ መርዝ አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ እንዳላችሁ ፊታችሁ ላይ ይታያል። ነው። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት በ2013 ጸድቆ በ2017 ስራ ላይ ከዋለ ወዲህ ደግሞ ሜርኩሪን በተቻለ መጠን ከየቦታው ማስወጣት የአገሮች ግዴታ እየሆነ ነው፣ ትክክልም ነው ብዬ አምናለሁ፣ ብረትን ለመቆጣጠር ብለን ሌላ ብረት መበተን የለብንም። በ2000 ኬሚስቱ ጆሴፍ ዋንግ እና ባልደረቦቹ ቢዝመዝ የሚባለውን ብረት ካርቦን ላይ በስሱ ቀብተው ሌድ፣ ካድሚየምና ዚንክን እንደ ሜርኩሪ ጥሩ አድርጎ እንደሚለይ አሳዩ። ቢዝመዝ መርዝነቱ እጅግ ያነሰ ነው፣ እዛው ሳምፕሉ ላይ ጨምራችሁት ከሌዱ ጋር አብሮ ይቀባል። ለመዳብ ግን አይመችም፣ ሁለቱ የሚወጡበት ቮልቴጅ በጣም ይቀራረባል። አርሰኒክንና ራሱን ሜርኩሪን ስትፈልጉ ደግሞ ወርቅ ኤሌክትሮድ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ኤሌክትሮዱ ላይ እንደ ብረት የማይጠራቀም ነገር ቢሆንስ? ለምሳሌ ኒኬል ከሜርኩሪ ጋር በደንብ አይስማማም። እዛ ጋ ዳይሜቲልግላይኦክሲም የሚባል ሞለኪውል እንጨምራለን፣ ኒኬሉን ይይዘውና አንድ ላይ ገጹ ላይ ይለጠፋሉ፣ ከዛ ቮልቴጁን ወደ ነጌቲቭ ስታስኬዱት ሲግናሉ ይመጣል። ኮባልትም እንደዚሁ።

አሁን ስለ ንጽህና ላውራ፣ ጠንከር ብዬ ነው የማወራው። በዚህ መጠን ስትሰሩ ሌድ ከሳምፕሉ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ከአቧራው፣ ከጓንቱ፣ ከአሲዱ፣ ከብርጭቆው፣ ከጸጉራችሁ ይመጣል። ይሄንን ለዓለም ያስተማረው ክሌር ፓተርሰን ነው፣ በ1956 የምድርን እድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ብሎ ያወጣው ሰው። እሱ የለካው በማስ ስፔክትሮሜትሪ፣ አቶሞችን በክብደታቸው እየለየ በሚቆጥር ዘዴ፣ ነው፣ ግን ትምህርቱ ለኛም ያው ነው፦ ሌድ ሲለካ ቁጥሩ አልስተካከል አለው፣ ምክንያቱን ሲከታተል የላቡ አየርና እቃው ራሱ በሌድ የተበከለ መሆኑን አገኘ፣ ላቡን ከስር ጀምሮ አጸዳው፣ ከዛ በኋላ ነው ቁጥሩ እውነተኛ የሆነለት። በኋላም ሰዎች ስለ ባህር ውሃ ሌድ ያሳተሟቸው ቁጥሮች በጣም የተጋነኑ እንደነበሩ ታየ፣ ሲለኩ የነበሩት የራሳቸውን ብክለት ነበር። ከቤንዚን ውስጥ ሌድ እንዲወጣ ለተደረገው ትግልም መነሻ ከሆኑት አንዱ እሱ ነው።

ስለዚህ እቃውን በናይትሪክ አሲድ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ፣ ለሌድ የምትጠቀሙበትን እቃ ለሌላ ነገር አታውሱ፣ ብላንክ ደግሞ በየቀኑ ለኩ፣ ማለትም ሳምፕል የሌለበት ግን ሁሉንም ነገር ያለፈ ውሃ። የምታዩት ዝቅተኛ መጠንም የሚወሰነው በዚሁ ነው፣ በተለምዶ ብላንኩ ሲደጋገም የሚያሳየውን መዋዠቅ በሶስት አባዝታችሁ ነው የምታወጡት። ብላንኩ ሲጨፍር ከዋለ የሚሊዮኖች ማሽን ቢኖራችሁም ምንም አያደርግላችሁም።

እና አሁን ቮልታሜትሪን ከሌሎቹ የሚለየው ነገር። አይሲፒ ማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚባለው ትልቁ ማሽን ከኛ በላይ ብዙ ንጥረ ነገር በአንዴ ያያል፣ አልክድም። ግን እሱ ሳምፕሉን በፕላዝማ አቃጥሎ አቶሙን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ብረቱ ውሃው ውስጥ በምን መልክ እንደነበር ጠፋ። ቮልታሜትሪ ግን ኤሌክትሮዱ ድረስ መጥቶ ኤሌክትሮን መቀበል የሚችለውን ብቻ ነው የሚያየው፣ ከኦርጋኒክ ጋር ጥብቅ አድርጎ የተያያዘውን አያየውም። ይሄ ድክመት ይመስላል፣ ግን ትልቅ መረጃ ነው፣ ምክንያቱም አልጌን የሚገድለው መዳብ በዋናነት ነጻው አዮን ነው፣ በውቅያኖስ የላይኛው ክፍል ደግሞ ከ99 ፐርሰንት በላይ የሚሆነው መዳብ ከኦርጋኒክ ጋር የታሰረ ነው። ይሄንን ያወቅነው በአብዛኛው በቮልታሜትሪ ነው። ጠቅላላውን ብቻ ብትለኩ ውሃው መርዛማ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን አትመልሱም። ስለዚህ ሳምፕሉን ዩቪ ከማድረጋችሁ በፊትም በኋላም ለኩት፣ ልዩነቱ የታሰረው ነው።

ሰዓቱ እያለቀ ነው ግን አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም። ይሄው ቮልታሜትሪ አንጎል ውስጥም ይገባል። 7 ማይክሮሜትር አካባቢ የሆነ የካርቦን ክር፣ ከጸጉር የቀጠነ፣ የእንስሳ አንጎል ውስጥ ገብቶ ቮልቴጁ ከነጌቲቭ 0.4 እስከ ፖዘቲቭ 1.3 ደርሶ ይመለሳል፣ በሰከንድ 400 ቮልት ፍጥነት፣ ደርሶ መልሱ 8.5 ሚሊሰከንድ ብቻ፣ ይሄ በሰከንድ 10 ጊዜ ይደገማል፣ ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል ሲለቀቅ ሲመለስ በናኖሞል ደረጃ ይታያል። እዚህም ቢሆን ባክግራውንዱ ከዶፓሚኑ እጅግ ይበልጣል፣ ግን የተረጋጋ ስለሆነ ባክግራውንዱን ከጠቅላላው ሲግናል ላይ ቀንሰው ነው ዶፓሚኑን የሚያወጡት። እና በስካኖቹ መሃል ኤሌክትሮዱ ነጌቲቭ ላይ ስለሚያርፍ ዶፓሚኑ ወደ ገጹ ይሳባል፣ ይጠራቀማል። ያው ማጠራቀም፣ እዚህ ግን ከአንድ አስረኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ።

ከታዳሚው የተነሱ ሁለት ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው አብሬ ጽፌያቸዋለሁ።

የመጀመሪያው፣ በእጅ የሚያዙት ትንንሽ መሳሪያዎች ይታመናሉ ወይ የሚል ነበር። መሳሪያው ራሱ ይታመናል፣ የስኳር በሽተኛ በየቀኑ የሚጠቀምበት ግሉኮስ ሜትርም እኮ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ፖቴንሾስታት ዛሬ ከኪስ ስልክ ያነሰ ሆኖ ይሰራል፣ ኤሌክትሮዱም እንደ ወረቀት ታትሞ ይመጣል፣ ተጠቅማችሁ ትጥሉታላችሁ፣ ወንዙ ዳር ሆናችሁ መለካት ትችላላችሁ። የሚበላሸው ሳምፕሉ ላይ ነው፣ ሜዳ ላይ ዩቪ የለም፣ ንጹህ ክፍል የለም። ስለዚህ እዛው ስታንዳርድ አዲሽን ስሩ፣ ብላንክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሳምፕሎቹም የተወሰነውን አሲድ አድርጋችሁ ለትልቁ ላብ ላኩና አወዳድሩ። ቁጥሮቹ ካልተገናኙ የሜዳውን ብቻ ይዛችሁ ለሰው "ጠጡ" አትበሉ።

ሁለተኛው፣ በዚህ ዘዴ ውሃ ውስጥ ያለውን ሁሉ ማወቅ ይቻላል ወይ የሚል ነበር። አይቻልም። ቮልታሜትሪ የሚያየው በሚሰራበት የቮልቴጅ ክልል ውስጥ ኤሌክትሮን የሚሰጥ ወይም የሚቀበል ነገር ብቻ ነው። ናይትሮ ግሩፕ ያላቸው እንደ ፓራታዮን ያሉ ጸረ ተባዮች ይታያሉ፣ ናይትሮው ኤሌክትሮን ስለሚቀበል፣ ናይትሮም ሌላ እንደዚህ የሚሰራ ክፍልም የሌላቸው ግን አይታዩም። ሶዲየም እኛ በምንሰራበት አሲዳማ ቡፈር ውስጥ አይሰራም፣ ወደሱ ቮልቴጅ ሳትደርሱ ውሃው ራሱ ወደ ሃይድሮጅን መቀየር ይጀምራል። ፍሎራይድም አይታይም፣ ለሱ የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል ያለው ለብቻው የተሰራ ኤሌክትሮድ አለ፣ እሱ ከረንት ሳያሳልፍ ቮልቴጅ ብቻ ነው የሚያነበው፣ ዋጋውም ከሌሎቹ መሳሪያዎች አንጻር ዝቅ ያለ ስለሆነ ፍሎራይድ የሚያሳስባችሁ ከሆነ በቀጥታ ወደሱ ሂዱ።